ወንድሟ ያሰረው ክሮቼራ

አባቷ ለዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በተኙባቸው ሁለት ሳምንታት ልጅቷ የጓሮውን ትራክተር አደሰችው። ከምትሠራበት የጭነት መኪና ጋራዥ ስትወጣ በቀጥታ ወላጆቿ ቤት ትመጣና ቱታዋን እንኳ ሳትቀይር ከሥሩ ትጋደማለች። ትራክተሩ አርጅቷል። ማርሽ በገባ ቁጥር ሆዱ ውስጥ መዶሻ የሚወረወር ይመስል ይንኳኳ ነበር። ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ጥርሱ ተበልቷል፤ ዘንጉን የሚያያይዘው መስቀለኛ ብረት፣ ክሮቼራው፣ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሺኔታም አልቆለታል። ሦስቱንም ቀየረች። አንድ የዛገ ቡሎን አልፈታ ብሎ የአውራ ጣቷን ጥፍር ቢነቅለውም በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች።

«አባትሽ ሲያየው የሚይዘው የሚጨብጠው ነው የሚጠፋው» አለቻት እናቷ።

አባቷ በመጡ ማግስት በምርኩዝ እየተደገፉ ጓሮ ወጡ። ልጅቷ አስነሳችና ማርሽ አስገባች። ትራክተሩ ኮሽ ሳይል ሄደ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ዘንጉንም ክሮቼራውንም ቀየርኩት።»

«የድሮውስ?»

«ባልዲ ውስጥ ነው፤ ልጥለው ነበር።»

«መልሺው።»

የቀለዱ መስሏት ሳቀች።

«ወንድምሽ ነው በገዛ እጁ ያሰረው። ስምንት ዓመት አገልግሎኛል። አንቺ ማን ነሽና ትፈቺዋለሽ? መልሺ አልኩ!»

ወንድሟ ሌላ ከተማ ገብቶ ቀርቷል፤ ስልክ ከደወለ እንኳ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እናቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ «ከሕመም ነው የተነሣው፤ ለእኔ ስትዪ እሺ በዪው» ብላ አንሾካሾከች።

እሺ አለች። አባቷ ወንበር አስወጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። አዲሱን ፈታ አሮጌውን እስክትመልስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላሉም። ከትራክተሩ ሥር የወጣውን እግሯን በምርኩዛቸው ጫፍ እየጎነተሉ «እንደሱ አይጠብቅም! ወንድምሽ ቢሆን እስካሁን ጨርሶ እጁን ታጥቦ ነበር» ይሏታል። የቆሰለው ጣቷ እንደገና ደማ። አዩትና በምርኩዛቸው ወደ ቀጣዩ ቡሎን ጠቆሟት።

ስትጨርስ አስነሣችው። ያ መዶሻ መወርወሩን ቀጠለ።

«ይኸው! የእኔ ትራክተር ይሄ ነው» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ልጅቷ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «አባባ፣ እሱ አይደለም ያሰረው። ያን ቀን ሰክሮ ዕቃ ቤት ተኝቶ ነበር። እኔ አሰርኩት። እሱ እጁን ግራሶ ቀብቶ ነው የወጣልዎት።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቷ።

አባቷ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እናቷ መሬት መሬት አየች። ልጅቷ የአባቷ ፊት ቀስ በቀስ ሲከስም አየችና ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አላፈረችም።

አባቷ ምርኩዛቸውን አስተካከሉ።

«ለካስ!» አሉ። «ታዲያ እንዲህ በአጭር ጊዜ ያለቀው ለዚህ ነዋ።»

ልጅቷ አዲሶቹን ዕቃዎች ከነመፍቻዎቿ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እናቷ እስከ በር ተከትላት «ክሮቼራውን እንኳ ተዪልን» ስትላት፣ «የወንድሜ ይበቃችኋል» ብላ ሄደች።

በአራተኛው ቀን፣ ጋራዥ ውስጥ አንድ መኪና ሥር ተጋድማ ሳለች ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት፤ ታለቅሳለች። ዘንጉ ጓሮ አትክልቱ መሐል ለሁለት ተሰብሮ ትራክተሩ ቆሟል። አባቷ «እኔው እገፋዋለሁ» ብለው በዚያው በተሠራው ዳሌያቸው ወድቀዋል።

«መሬት ላይ ነው ያለው፤ ብቻዬን ማንሣት አልቻልኩም። ስምሽን እየጠራ ነው። ድረሺልኝ ልጄ!»

ከላይዋ ዘይት ጠብ ይላል።

«ወንድሜ ጋ ደውዪ» አለችና ዘጋችው።

መፍቻዋን አነሣች። ሁለቴ ከቡሎኑ ላይ አመለጣት። በሦስተኛው ያዘላት።