የወንጪ ፈረሶች ቆጠራ

ደስታነሽ ሥዩም በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከብሔራዊ ባንክ ተልካ አምቦ ስትገባ፣ ሥራው በሦስት ቀን ያልቃል ብላ ነበር። የምትመረምረው ለገበሬ የሚያበድር አንድ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ነው። ሥራ አስኪያጁ ኤጄታ ጨዋታ አዋቂና እንግዳ አክባሪ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደደችው። ችግሩ መዝገቡ ላይ ነው። ከብድሩ ሁሉ ትልቁን የወሰደው የተቋሙ እህት ኩባንያ፣ ወንጪ ላይ ለጎብኚ ፈረስ የሚያከራየው ድርጅት ሆኖ ተገኘ። በብድሩ ሠላሳ ፈረስ ተገዝቷል ይላል።

«እስቲ ልያቸው» አለች።

«በዚህ ጭቃ?» ኤጄታ ሳቀ። «ፈረስ ፈረስ ነው እኮ፣ ምኑ ይታያል?»

«እኔ ደግሞ ወረቀት ብቻ አይቼ አልፈርምም፣ ኦቦ ኤጄታ።»

በማግስቱ ሐሮ ወንጪ፣ ወደ ወንጪ ሐይቅ ወረዱ። ሐይቁ ዳር አሥራ አምስት ፈረስ ታስሮ ጠበቃት፤ አንድ በአንድ ቆጠረች።

«የቀሩት ማዶ ነው የሚግጡት» አላት ኤጄታ። «መጀመሪያ ግን ምሳ እንብላ።»

ምሳው ረዘመ፣ ጨዋታውም ደራ፤ ከዚያ በጀልባ ተሻገሩ። ማዶም ልክ አሥራ አምስት ፈረስ ቆሟል። ደስታነሽ እፎይ ልትል ስትል ልብ አለች፦ ሁሉም በላብ ተነክረዋል፣ ጎናቸው እንደ ወናፍ ይነፋል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ናቸው።

«ሲግጡ እንዲህ ያልባቸዋል?»

ኤጄታ ሐይቁን ማየት ጀመረ። እሷም ፈረሶቹን ወደያዙት፣ ኦቦ ጂራ ወደሚባሉት ሽማግሌ ዞረች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው እያለከለኩ፣ «ጠዋት ያየሻቸው ናቸው። በዳር በዳር ስናስሮጣቸው እኔም እነሱም ነፍሳችን ልትወጣ ነበር። ሦስተኛ ቦታ የምትሄጂ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ይፈለግ።»

ደስታነሽ ሳቋ አመለጣት።

«ግማሹ ብር እጃጂ ከተማ ነው» አለ ኤጄታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚስቴ ወንድም ወፍጮ ተከለበት። ይመለሳል ብዬ ነው።»

«ኦቦ ጂራ፣ እርስዎ ከዚህ ተቋም ተበድረው ያውቃሉ?» አለች ደስታነሽ።

«እኔ? ለአንዲት ፈረስ ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ገንዘብ የለም አሉኝ።»

ኤጄታን አንገቱን ያስደፋው ይሄ ነው።

ሪፖርቱን መጻፉ ከበዳት፤ ምሳ ጋብዞ ያጫወታት ሰው ነው። ያም ሆኖ አንዲት ቃል አልቀነሰችም። ኤጄታ ከቦታው ተነሣ፣ ወፍጮው ተሸጦ ብሩ ተመለሰ፣ ተቋሙም ለእህት ኩባንያው እንዳያበድር ታገደ። ፈቃዱ ግን አልተነጠቀም።

በዓመቱ ለክትትል ስትመለስ ኦቦ ጂራን አምቦ ገበያ አገኘቻቸው። ከተቋሙ አዲስ በተበደሩት ብር የገዟትን ግራጫ ባዝራ እየሳቡ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት!»

«ደስ ብሎኛል» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ወለዱ ግን በዛ፣ ኢንታላ ኮ። እሱንስ የሚመረምረው ማነው?»