ቢንቢና ብርዝ

የጋሼ ሀብተሥላሴ ቤትና የኔ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት የሚያወራው ሬዲዮ ነው፤ አንዳንዴ ጋሼ ይመልሱለታል።

ዘንድሮ ጌጃ ሰፈር ወባ ገባብንና አንድ የምርምር ቡድን መጣ። ዘሩን የለወጡት ወንድ ቢንቢ አላቸው። ወንዱ አይነድፍም፤ ከሰፈራችን ሴት ቢንቢዎች ጋር ሲዋለድ ግን ሴት ልጆቹ ሳያድጉ ይሞታሉ፣ ዘሩም እየመነመነ ይጠፋል ተባልን። ደንቡ የመንደሩ ቤት ሁሉ ይፍቀድ ይላል። አንድ ቤት እንቢ ካለ ቢንቢው አይለቀቅም። እኛ ቶሎ ፈረምን። የቀሩት ጋሼ ብቻ ናቸው።

ሰብለወንጌል የምትባል የቡድኑ ልጅ በየሐሙሱ ልታስረዳቸው ትመጣለች። ጋሼ ብርዝ በጥብጠው ይጠብቋታል። እሷ አትቀምስም፤ ፈቃድ ከሚጠየቅ ሰው ቤት መቅመስ ክልክል ነው። እሳቸውም አዲስ ጥያቄ አያጡም። ቢንቢ የሚበላው የሌሊት ወፍ ምን ሊበላ ነው? እንቁራሪቱስ? ልጅቷ ልታጣራ ትሄዳለች፤ ሐሙስ ትመለሳለች።

"ጋሼ፣ ለሌሊት ወፍ ማዘን ከመቼ ጀመሩ?" አልኳቸው። "ጺምዎን የሚላጩትም ለሱ ነው?"

"አንቺ ወይንሀረግ፣ ምላስሽ ከቢንቢ ይብሳል።"

እድርተኛው ግን አልሳቀም። የጎረቤታችን የጻድቃን ልጅ በወባ ተኝታለች። "የሳቸው ጨዋታ በኛ ደም ነው" ያለም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ።

"ልጄ፣ ከተለቀቀ በኋላ ተሳስተን ቢሆን ማን ይመልሰዋል?" አሏት።

ሰብለወንጌል እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "የሚመልሰው የለም ጋሼ። በራሱ ይጠፋል ብለን እናስባለን። እርግጠኛ ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።" ከዚያ ሞልቶ የተቀመጠውን ብርጭቆ አየች። "ፈረሙም አልፈረሙም እሑድ እመጣለሁ። ለሥራ አይደለም። ያኔ ብርዙንም እጠጣለሁ።"

አሁን እስክሪብቶ ያነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

"እንግዲያማ እውነቱን ልንገርሽ" አሉ። "አልፈርምም። መመለስ የማልችለውን ነገር በሰው ደጅ አልለቅም። ቀድሜ ብነግርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ነው ያንዛዛሁት።"

"የጻድቃን ልጅስ ጋሼ?" አልኩ።

"እሷማ እንቅልፍ ነስታኛለች" አሉ።

ቡድኑ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። እሑድ ጋሼ ከቅዳሴ ሲመለሱ ብርዝ በጠበጡ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። እድርተኛው ሰላምታ ነስቷቸው በደጃቸው ያልፋል። አመሻሹ ላይ ገባሁ። ሁለቱ ብርጭቆዎች በሳህን እንደተከደኑ ናቸው። አንዷ ቢንቢ ጆሮዬ ስር ታዜማለች።

"ልጅቷ ቀረች፣ ቢንቢዋ መጣች" አልኳቸው፣ እንዲስቁልኝ።

"እሷማ ሳትጠራም ትመጣለች" አሉና የአንዱን ብርጭቆ ክዳን አንስተው ወደኔ ገፋ አደረጉት። "ሌላውን ተይው። ታክሲ አጥታ ይሆናል።"