ወደ እግሯ ያጎነበሰው ከበሮ

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው። እኔና ንባብ ብዙም አልተዋደድንም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው። ስለዚህ ዘበኛው ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበልኝ።

«የተግባር ፈተና ሐሙስ ይሰጣል። ተመራቂዎች የሚመደቡባቸው ትምህርት ቤቶች ከበሮ መቺ ስለሌላቸው፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ተፈታኞች የሚያስተምሩት በቴፕ ይሆናል። ይላል ጋሼ።» ከዚያ ሳቁን ለቀቀው። «ጉድ ፈላብዎ! ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ወገቤን የማይል ከበሮ መቺ መጣልዎ!»

«አንተንም የሚተካ ውሻ ይገዙ ይሆናል። ማስታወቂያ ባያነብም መጮህ አያቅተውም» አልኩት።

ስቄ አለፍኩ። ጥጉን እንደታጠፍኩ ግን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ዘበኛው ለደመወዜ የፈራሁ መስሎታል። እኔ የፈራሁት ለልጅቷ ነው።

ልጆቼ፣ ነገሩ እንዳይጠፋችሁ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። በመምህራን ማሠልጠኛው ውስጥ ለትንንሽ ልጆች ዳንስ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ክፍል አለ። እዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ከበሮ መትቻለሁ። ልጅቷ የሟች ታናሽ እህቴ ልጅ ናት፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ከቅጥነቷ የተነሳ ሁሉም ጭራሮ ይላታል። እሷም አትቀየምም፤ «ጭራሮ መጣች፣ ክፈቱ» እያለች ነው በር የምታንኳኳው። ሁለት ዓመት ተምራ የቀራት ይህ አንድ ፈተና ነው። ያለፈ ሰርተፊኬቱን ይዞ ክፍል ይረከባል። የወደቀ ይሰናበታል፤ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም።

ትምህርቱን በቃል ብትጠይቋት ውሃ ነው። ሳህን እያጠበች ትወጣዋለች። «ዳንስ አራት ነገር ይፈልጋል ጋሼ። የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? አካል። የት? ቦታ፤ ላይ ነው ታች፣ ፊት ነው ኋላ። መቼ፣ በምን ፍጥነት? ጊዜ። እንዴት አድርጎ? ጉልበት፤ እንደ ላባ ነው ወይስ እንደ መዶሻ?» ታሪኩንም እንዲሁ። ሰው ፊደል ሳይቀርጽ በፊት ይጨፍር ነበር ትለኛለች፤ በዋሻ ግድግዳ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው የተሳሉ ሰዎች አሉ። ለዝናብ ጨፈሩ፣ ለአደን ጨፈሩ፣ ለሠርግም ለሬሳም ጨፈሩ። ኋላ ነገሥታት ጭፈራውን ከሜዳ ወደ አዳራሽ አስገቡት፤ በእግር ጣት ጫፍ የሚቆመው ባሌ መጣ። ከዚያ ደግሞ ያ ጫማ ጠበበን ያሉ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ የመንገድ ልጆች ካርቶን አንጥፈው በጭንቅላታቸው ተሽከረከሩ። «ሁሉም ልክ ናቸው ጋሼ። መምህር የሚባለው ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደሚስማማው የሚያውቅ ነው» ትላለች፤ ማንኪያውን ወደኔ ቀስራ፣ ክፍል ያስተማረች ይመስል።

ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው የጎደላት። ጊዜ።

መጀመሪያ ወር ላይ ነው ያወቅሁት። ስትፈራ ትፈጥናለች። ከበሮው ሦስት ሲል እሷ አራት ላይ ናት። ጓደኞቿ ሳቁባት፤ እሷም አንገቷን ደፋች፣ አገጯ ተንቀጠቀጠ። ያ አገጭ የእናቷ ነው። አንጀቴን በላችው። እጄ ሳላዘው ተከትሏት ሮጠ፤ ምቱን አሳጥሬ እግሯ ሥር አስገባሁላት። ቀና ብላ ፈገግ አለች።

የከበሮ መቺ ሕግ አንድ ነው፤ እግር ወደ ከበሮ ይሄዳል እንጂ ከበሮ ወደ እግር አይሄድም። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ይህን የነገሩኝ በአፋቸው አይደለም፤ የጣቴን አንጓ በዱላ እየመቱ ነው። እኔ ግን በማግስቱም ሕጉን አፈረስኩ። በሳምንቱም። በዓመቱም። ስትፈጥን እፈጥናለሁ፣ ስትዘገይ አዘገያለሁ። ሌሎቹ ሠልጣኞችም ከበሮውን ነው የሚከተሉት፤ ማን ያውቃል? አስተማሪዋ እንኳ «የዚህች ልጅ ጊዜ አጠባበቅ ሰዓት ነው» ብላ አመሰገነቻት። እኔ ከበሮዬን አቅፌ ወጣሁ።

ቴፕ ግን አያጎነብስም። ቴፕ እናቷን አያውቃት።

ማክሰኞ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ጨው አቀብይኝ ብዬ ዘጋሁት። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ ዳቦዋን እየገመጠች፣

«ጋሽዬ፣ እንዳትቀየመኝ እንጂ ቴፕ ሳይሻል አይቀርም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«አንተ እኮ አንዳንዴ ትፈጥናለህ። እኔ ነኝ የምይዝልህ።»

የጎረስኩት ዳቦ ትን አለኝ። ውሃ አቀበለችኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ሐሙስ መጣ። ተፈታኞቹ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተደርድረው ግማሹ ጥፍሩን ይበላል፣ ግማሹ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ፈታኟን «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። ስታነሳው ያየ ብዙ ነው፣ ስታስቀምጠው ያየ የለም ይባላል። ከጭራሮ በፊት የገባው ረጅሙ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ሳብኳት። እጇ በረዶ ነው።

«ልጄ፣ ስሚኝ። ምት የለሽም።»

«ምን?»

«ስትፈሪ ትሮጫለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ እየተከተልኩሽ የመታሁት። ቴፑ አይከተልሽም። ጆሮሽን ስጪው።»

መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ።

«ዋሸኸኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ከበሮው ነው…»

«ከበሮውን የሚመታው የማን እጅ ነው ጋሼ?»

እጄን ከእጇ ላይ አነሳሁ። «ዛሬ? አሁን በር ላይ ሆኜ?» አለች፤ ድምጿ ተሰነጠቀ። በሩ ተከፈተና «ቀጣይ!» ተባለ። ወደኋላ ሳታየኝ ገባች።

የዚያ ክፍል በር ማጠፊያው የላላ ነው፤ ጣት የምታህል ስንጥቅ አለችው። ዓይኔን አስጠጋሁ። የሚታየኝ ወንበር ላይ የተቀመጠው ቴፕ፣ ትንሽ የጣውላ ወለል፣ የቀይ እስክሪብቶ ጥቁር ጫማ ነው። ከጎረቤት ትምህርት ቤት የመጡ ሃያ አራት የሦስተኛ ክፍል ልጆች ውስጥ ናቸው፤ እነሱን በጆሮዬ ነው የማያቸው።

መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ ስለ ቦታ አስተማረች። «ጣሪያውን የሚነካ ማነው? አሁን ደግሞ አልጋ ሥር እንደገባ ድመት!» ልጆቹ ተንጫጩ፣ ወለሉ ተንኳኳ። ድምጿ ቀጭን ቢሆንም አልወደቀም። እኔ ከበሩ ውጪ ላብ አጥምቆኛል።

«በምት አሳዪያቸው» አለች ፈታኟ። «ቴፑን ክፈቺ።»

ሙዚቃው ጀመረ። ጭራሮ «አንድ፣ ሁለት» ብላ ቆጠራ ያዘች። የመጀመሪያው ስምንት ልክ ነው። ሁለተኛው ስምንት ላይ፣ አምስት ስትል ሰማኋት፤ ቴፑ ገና አራት ላይ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ምት ቀድማለች። የልጆቹ እግር ከሁለቱ ማንን እንደሚከተል ጠፍቶት እንደ ዝናብ ተበታተነ። ሳቅ ተነሳ። አንዲት ወፍራም የልጅ ድምፅ ከሁሉ በላይ፣

«ቲቸር አመለጡ!» አለች።

ዝም አለ ክፍሉ። ቴፑ ብቻ ይሄዳል። አንድ ስምንት አለፈ። ሁለት ስምንት። ጭራሮ አትንቀሳቀስም፤ የወለሉ ጣውላ አንዴም አልጮኸ። ያ ጥቁር ጫማ ተነስቶ በሌላው ጫማ ላይ ተደረበ።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ እጄ ተነሳ። በሩ እንጨት ነው፤ በሁለት ጣት ቀስ አድርጌ ብመታው ትሰማኛለች። የኔን እጅ ከሺህ ለይታ ታውቀዋለች። አንዴ ብቻ፣ «አንድ»ን ብቻ ባቀብላት ትገባለች። ጣቴ እንጨቱን ነክቷል። ከዚያ በኮሪደሩ ያሳየችኝ ፊቷ መጣብኝ። እጄን መልሼ ብብቴ ሥር ቀበርኩት፤ እንዳያመልጠኝ በሌላው እጄ ያዝኩት። ሦስተኛው ስምንት አለፈ።

«ልክ ናት» አለች ጭራሮ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይወጣል። «አመለጥኩ። እኔ ስፈራ እሮጣለሁ። ዛሬ ደግሞ በጣም ፈርቻለሁ።»

«ማንን ፈሩ?» አለ አንዱ።

«እኚያን ሴትዮ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ነፍሴ ውልቅ ልትል ምንም አልቀራት። በቃ፣ አበቃ አልኩ።

«አሁን ሥራ አለን» አለች። «ሙዚቃው አጥር ነው፤ ስምንት እንጨት አለው። እናንተ ዘበኞች ናችሁ። እኔ አጥሩ ውስጥ እሄዳለሁ። ከአጥሩ የወጣሁ እንደሆነ አጨብጭባችሁ ያዙኝ። ግን ዘበኛ አጥሩን ካላወቀ ሌባ አይዝም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስሙ። አንገታችሁን አትነቅንቁ። ስሙ ብቻ።»

ሰሙ። እኔም ሰማሁ። ከዚያ መራመድ ጀመረች። አንድ ስምንት ሄደች። በሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጭብጨባ ወረደባት፤ «ወጡ! ወጡ! ያዟቸው!» ቆመች፣ ሰማች፣ እንደገና ገባች። እንደገና ያዟት። መምህር መያዝ የመሰለ ደስታ ለልጅ የት አለ? አራተኛው ዙር ላይ ያቺ ወፍራም ድምፅ፣ «አሁንስ ደህና እየሄዱ ነው፣ ተዉዋቸው» ብላ ይቅርታ አደረገችላት። ከዚያ ጭራሮ ያቺኑ ልጅ ወደ መሃል አስገብታ ራሷ ዘበኛ ሆነች። ከዚያ ሌላ ልጅ። ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ። ጨዋታው ሲያልቅ ሃያ አራት ጥንድ እግር ጣውላው ላይ አንድ ሆኖ ሲያርፍ ሰማሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለከበሮ መቺ ጆሮ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ቴፑ ጠፋ። ልጆቹ በሌላው በር እየተጋፉ ወጡ። ፍርሃቱ ግን ገና መሃሉ ነው።

«ይህን ጨዋታ ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ምት እንደሌለኝ ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ከዛሬ ጠዋት በፊትስ?»

«ከበሮው ይጠብቀኝ ነበር» አለች፤ ስሜን አልጠራችም። ያ ደግሞ ይበልጥ አሳመመኝ። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ አታውቅም ነበር።»

ቀይ እስክሪብቶ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ከበሮ ያጎነብሳል እንዴ አባት?»

«ካረጀ ያጎነብሳል።»

አልሳቀችም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ረጅም ጊዜ ጻፈች። ጭራሮ ከጎኔ ቆማለች፣ እጄን ግን አልያዘችም።

«እነዚህ ልጆች ሲገቡ ምት አያውቁም ነበር፣ አሁን ያውቃሉ» አለች በመጨረሻ። «የማስተማሩን አልፈሻል። አራት ነገር አስተምራለሁ የሚል ሰው ግን ሦስቱን ብቻ ይዞ አይወጣም። በቀጠሮ አቆይሻለሁ። በሦስት ወርሽ ከዚሁ ቴፕ ጋር ብቻሽን ትቆሚያለሽ። ያዝሽው፣ ሰርተፊኬቱ ያንቺ ነው። ካልያዝሽው አይኖርም።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «የሚያለማምዳት ሰው ትፈልጋለች። ቀጥ ብለው መምታት ይችላሉ?»

ቀጠሮ የሚባለውን ነገር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ብቻ ነው የሰማሁት። «እችላለሁ» አልኩ። መቻሌን ግን አላውቅም ነበር።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሳህኑን በዝምታ አጠበች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከበሮዬን ራሷ ተሸክማ የማሠልጠኛው አዳራሽ መሃል አስቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ ብወድቅም እንዳትጠብቀኝ» አለች። «ብታለቅሺስ?» አልኳት። «ባለቅስም። አንተም እንዳታየኝ።»

ስለዚህ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነው የምመታው። ዛሬ አርባ ቀን ይቀረናል። በየቀኑ ከጀርባዬ ስታመልጥ እሰማታለሁ፤ በየቀኑ እጄ ሊከተላት ይዘላል፤ በየቀኑ ጥርሴን ነክሼ እይዘዋለሁ። ትናንት እስከ ስድስተኛው ስምንት አብረን ሄድን። ሰባተኛው ላይ ወጣች። ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ እግሯ ሲቆም ሰማሁ። ቀጥ አድርጌ መታሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ ወለሉ ከኋላዬ ጮኸ፤ ልክ በምቱ ላይ።