ያልተሰጠው ደም

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ታናሽ እህቷ አጠገቧ ቆማ ሳለ የእህቷን የዘረመል ምርመራ ውጤት ከፈተች። እናታቸውን የቀጠፈው ካንሰር በዘር የሚወርድ ነበር፤ ሌሎች ዘረመሎችን እያዘዘ የተበላሸን ሴል ከመባዛት የሚያግድ፣ ካልተጠገነም እንዲሞት የሚያደርግ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ተሰናክሎባት ነው።

"ንገሪኝ እንጂ፣ ልቤን አታንጠልጥይው" አለች ታናሿ።

"ያንቺ ደህና ነው።"

ታናሿ እፎይ ብላ ተቀመጠች። ወዲያው ግን ቀና አለች። "ያንቺስ?"

ትልቋ አቀረቀረች። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ደም ስትመረምር የራሷን አንድም ቀን ለምርመራ አልሰጠችም።

"ፈራሁ እኮ" አለች በመጨረሻ።

ታናሿ የእህቷን እጅጌ ሰበሰበችላት። አንዲት የትልቋ የሥራ ባልደረባ መጥታ ደሟን ቀዳች። ውጤቱ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበርና፣ ታናሿ በዚያው ቀን ልብሷን ጠቅልላ እህቷ ቤት ገባች።