የባለፎቋ ይግባኝ

መዘዙ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። አሮጊቷ ያችን ቃል ባትወዳት ኖሮ ዛሬም ቤቷ ቤቷ ነበር።

ባሏ አናጺ ነበር፤ የሰው በርና መስኮት ሲሠራ ኖሮ የራሱን ቤት ዞር ብሎ ሳያይ ያረጀ። አንድ ክረምት ሥራ ጠፍቶ እጁን ሲበላው ከጓዳው በላይ ሳንቃ ረበረበ፣ ሰባት እርከን ያለው መሰላል አስደገፈበት፣ ከላይ ሆኖ አንገቱን አሰግጎ «ከዛሬ ጀምሮ ባለፎቅ ነሽ!» አላት። የሳቀው እሱ ነው። እሷ አልሳቀችም፤ አመነች። ጎረቤት ለሹፈት «ባለፎቋ» ሲላት አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄድ ጀመር። ባሏ ከሞተ በኋላማ ስሙ ሹመት ሆነላት። እላይ ያለው ግን የሟች መላጊያና መጋዝ፣ አንድ ከረጢት ሽንኩርት፣ በየዓመቱ እዚያ የምትወልድ ድመት፣ በቃ። ሰው ቢወጣ ተንበርክኮ እንጂ ቆሞ አይሄድበትም።

የቤት ግብር ገማቹ ሜትሩን እየጎተተ የመጣ ቀን ግድግዳውን ለካ፣ ወለሉን ለካ፣ ከዚያ ከንፈሩን ጣል አድርጎ፣ «ይቺው ምድር ቤት ብቻ ናት፣ አይደል እማማ?» አላት።

«ይቺው» ያላት ነገር አንገበገባት።

«ማን ነው ይቺው ያለህ? ፎቅማ አለኝ! ባሌ በገዛ እጁ የሠራው!»

ሰውየው መሰላሉን አየ፤ ጉልበቱን አሰበ። «እርስዎ ካሉ አለ ነው» ብሎ ጻፈ። እሷም ደስ ብሏት አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ ፈረመች።

ወረቀቱ ሲመጣ ያነበበችው ልጇ ናት። ልጅቱ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ቤቱ የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው።

«እማዬ፣ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ይላል። ምን ብለሽው ነው?»

«ያለኝን ነዋ።»

«ግብሩ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ይህን እየከፈልን እዚህ ቤት አንኖርም። ይግባኝ እንላለን፤ አንቺም ፎቅ አይደለም፣ ቆጥ ነው ትያለሽ።»

«ቆጥ የዶሮ ነው። አባትሽ ዶሮ ነበር እንዴ?»

«ቤቱ ይሂድ ታዲያ?»

አሮጊቷ ወደ ሳንቃው አንጋጣ አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አነሳች።

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ክፍል ውስጥ በሲባጎ የታሰረ ፋይል እስከ መስኮቱ ተቆልሎ ብርሃኑን ጋርዶታል። አንድ እግሩ የላላ ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ እንዳይጥላት ልጇ ከኋላ ያዘችላት። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ፎቅ አለኝ ያሉት እርስዎ ነዎት። ጣትዎ ይኸው።»

ጣቷን አየችው። ልጇ ትከሻዋን ጫን አደረገቻት።

«ቆጥ ነው» አለች አሮጊቷ። «ድመት የምትወልድበት ቆጥ ነው። ባሌ ሥራ ፈትቶ የቸከቸከው። እሱ እቴ፣ ምን አናጺ ነበር!»

በሌላ በሌላው ሁሉ ስትሰድበው ኖራለች፤ በሙያው ግን ሰድባው አታውቅም። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ሰብሳቢው ቅጹን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገ። «ቅጹ አለ ወይም የለም ነው የሚለው። ቆጥ የሚባል ቦታ የለውም። እላይ ሳንቃ አለ?»

«አለ።»

«ካለ አለ ነው።»

«ብናፈርሰውስ?» አለች ልጅቱ።

«አፍርሱና ኑ፣ እናያለን።»

«እናያለን» ያላትን ተስፋ አደረጓትና በማግስቱ አፈረሱት። ልጅቱ በጉጠት ስትጎትት ሚስማሩ እምቢ አለ፤ አናጺ የመታው ሚስማር ነዋ! አሮጊቷ ከታች ቆማ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ስትል ዋለች፤ ለልጇ ይሁን ለሳንቃው እግዜር ይወቀው። ድመቷ ግልገሎቿን በአፏ አንጠልጥላ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት አዛወረች። እሷ እንኳ ይግባኝ አላለችም።

ተመልሰው ሄዱ። ሰብሳቢው እስከ መጨረሻው አዳመጣቸውና፣ «እማማ፣ ግምት የሚያዘው በተለካበት ቀን በነበረው ነው» አለ። «ያን ቀን ነበር። የሚቀጥለው ልኬት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ይነሳልዎታል።»

«ከአምስት ዓመት በኋላ እኔን ራሴን ትለካኝ ይሆናል፣ ለሳጥን።»

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጠች። ማህተሙ ግን ተመታ።

ግብሩ አልቻል ብሏቸው ከሁለት ወር በኋላ ቤቱን የሚያሻሽጥ ደላላ መጣ። ወረቀቱን አነበበ፣ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ሳንቃው አርፎበት የነበረው ግድግዳ ላይ ጭስ ያልነካው አንድ ነጭ መስመር ቀርቷል።

«ወረቀቱ ፎቅ አለው ይላል። የት ሄደ?»

ልጅቱ ፊቷን አዞረች።

«ኮሚቴው በላው» አለች አሮጊቷ።

«እንግዲህ በምድር ቤት ዋጋ ነው የሚሸጠው» ብሎ ደላላው ደብተሩ ላይ ጻፈ።

መሰላሉ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው፤ የሚያደርስበት ግን የለም። በአውራ ጣቷ ጠቆመችው።

«እሱንም ጻፍ። ሰባት እርከን ነው። ራስህ ቆጥረህ ጻፍ፣ እኔን አትመነኝ።»