የዓርብ ጾም

ጎንደር የእናት የአባቷ አገር ናት፤ እስራኤል ተወልዳ ላደገችው ኤልሳቤጥ ግን ባዕድ አገር ነበረች። በነርስነት ልትሠራ ከመጣች ወዲህ ኪራይ ቤት ፍለጋ አዘዞን ከዳር እስከ ዳር አስሳለች። የአንዱ ቤት በር አይዘጋም፣ የሌላው አከራይ ባል የሌላት ሴት አላስገባም ይላል። የዛሬው ግን ፀሐይ የሚገባበት ሸጋ ቤት ነው፤ እንዲያመልጣት አልፈለገችም።

አፉ ለከት የሌለው ደላላ አቢ፣ በር ላይ «ሃይማኖትሽን ከጠየቁሽ ኦርቶዶክስ ነኝ በይ፣ አደራ!» አላት። ስትጠየቅም እንደዚያው አለች።

አከራይዋ እማማ ብርቄ ደስ ብሏቸው የበግ ወጥ አቀረቡ። ኤልሳቤጥ ደነገጠች፤ እሷ ባደገችበት ቤት ክርስቲያን ያረደው ሥጋ አይበላም።

«ይቅርታ እማማ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፤ እጾማለሁ።»

እማማ ብርቄ ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ። «ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ! እስከ ጰራቅሊጦስ ዓርብም ረቡዕም ይበላል። የትኛው ቄስ ነው አንቺን ብቻ የሚያስጾምሽ?»

አቢ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ዋሽቼዎት ነው» አለች ኤልሳቤጥ። «ቤተ እስራኤል ነኝ፤ እናቴ የወለቃ ልጅ ናት። ቤቱን እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ነው።»

«ምነው ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ሽሮ እሠራልሽ ነበር እኮ!» ወደ አቢ ዞሩ። «አንተ ነህ ያስተማርካት? ውጣ!»

ኤልሳቤጥ ሽንኩርት ከተፈችላቸው፤ ሽሮው ተሠራ። እማማ ብርቄ ድስቱን አውርደው የቤቱን ቁልፍ አጠገቧ አስቀመጡ።

«ሥጋ ስትሠሪ በራስሽ ድስት ይሁን። እኔም ያንቺን አልበላም፤ እንዳትቀየሚኝ።»