«ደህና ነኝ በልልኝ»

ሰው የሰው ነገር አምሮት ሲቀና አይተናል፤ ያለ ነው። በገዛ ቃሉ ቀንቶ አንጀቱ ያረረ ግን ይሄ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው።

ወንድማማቾቹ ሁለት ናቸው። ታላቁ ልብስ ሰፊ፣ ታናሹ ብረት በያጅ። ታናሹን ሰፈርተኛው «ጭምቱ» ይለዋል፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣውማ። ጦርነቱ ሲመጣ አብረው ዘመቱ፣ ሦስት ዓመት በአንድ ሻምበል አገለገሉ፣ ተመስገን ነው ሁለቱም በእግራቸው ተመለሱ። ታላቁ የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር የሻምበሉ ጸሐፊ ተደርጎ ነበር። ጭምቱ ደግሞ ከፊደል ጋር ገና በልጅነቱ ተጣልቶ የቀረ ሰው ስለሆነ፣ ለእናታቸው የሚላከውን የሁለቱንም ደብዳቤ የሚጽፈው ታላቁ ነበር።

አሁን እናትየዋ ዓይኗ ደክሟል። እሁድ እሁድ ከሰዓት መስኮቱ ሥር ካለው አልጋዋ ላይ ጋደም ትልና ከትራስ ጨርቋ ውስጥ አንድ ጥቅል ወረቀት ታወጣለች።

«እስቲ የጭምቴን አንብብልኝ።»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አጥልቆ ያነባል። «እማዬ፣ ዛሬ ብርድ ነበር። ካፖርቴን ስለብስ እጅጌውን የጠገንሽበት ክር ታየኝና ቆሜ ቀረሁ። አባባ ሰዓቱን ሲሞላ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም…»

«ዝም አይነቅዝም ማለት ይሄ ነው» ትላለች እንባዋን እየጠረገች። «አንተማ ምን ትጽፍልኝ ነበር? ካልሲ ላኪ፣ ሳሙና አለቀ፣ ደመወዝ ዘገየ።»

የሱ ደብዳቤዎች የት እንዳሉ ያውቃል። ቁም ሳጥኑ ሲንገዳገድባት አጣጥፋ ከእግሩ ሥር ወትፋቸዋለች። የሟች አባቱ ሰዓት የት እንዳለም ያውቃል፤ ጭምቱ ክንድ ላይ ነው። «እንዲህ የሚያስታውሰው ይሰረው» ብላ ነው የሰጠችው።

ታዲያ እንዴት አይረር! ያንን ሁሉ ያለው እኮ እሱ ነው። ጭምቱማ ያኔ «ምን ብዬ ልጻፍልህ?» ሲባል፣ «ደህና ነኝ በልልኝ» ይልና ወደሚጠግነው መኪና ሥር ይገባል። ሁለት ቃል በፖስታ ይላካል? ታላቁ ያፍራል፤ ከዚያ ባዶውን ወረቀት ከራሱ ሆድ እያወጣ ይሞላዋል። በራሱ ስም «ናፈቅሽኝ» ብሎ ከሚጽፍ ግን ሞቱን ይመርጣል። በወንድሙ ስም ሲሆን እጁ ይፈታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል ይሄው ነው። ስንት ዓመት ቻለው። ሰዓቷ በዚያ ክንድ ላይ ባብረቀረቀች ቁጥር ግን ሆዱ ይቃጠላል፤ የራሱን ወንድም ዓይኑን ማየት እያስጠላው መጣ።

ባለፈው እሁድ ጭምቱ እናቱ እግር ሥር ተቀምጦ ጥፍሯን እየቆረጠላት ነበር። ልብስ ሰፊው ማንበብ ጀመረና መሃል ላይ አቆመ።

«እማ፣ ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እሱ መች መጻፍ ያውቃል? እጁ ያንተ ነው፣ ቃሉ የሱ ነው።»

«ቃሉም የኔ ነው።»

እናትየዋ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ጭምቱ መለሰች። «እውነቱን ነው?»

ልብስ ሰፊው ወንድሙን አየው። ቢክድስ? ማን ይመሰክርለታል?

ጭምቱ ጥፍር መቁረጫውን አስቀመጠ። «እውነቱን ነው። እኔ ደህና ነኝ በልልኝ ብቻ ነው ያልኩት።» ሰዓቷን ከክንዱ ፈታና አልጋው ላይ አኖራት።

በቃ፣ አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ታቅፈኛለች ብሎ ልብስ ሰፊው ሲጠብቅ እናቱ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እኔስ እላለሁ፣ ይሄ ልጅ ያን ሁሉ ወሬ ከየት አመጣው! ‹ደህና ነኝ› ብቻ! ያው የኔ ልጅ።» የጭምቱን ፀጉር ደባበሰችው።

ልብስ ሰፊው በእጁ የያዘውን ወረቀት አየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ገጽ በገጽ ሲጽፍ ኖሮ በሁለት ቃል ተበለጠ። ሰዓቷንም ውሰዳት ያለው የለም።

ሳቋ ሲበርድላት ወደሱ ዞረች። «በል እንግዲህ፣ ያ ሁሉ ያንተ ከሆነ፣ ወረቀቱን አስቀምጥና እስቲ አንዱን በአፍህ በለኝ።»

ወረቀቱን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። እናቱ ፊቷን ወደሱ አዙራ ትጠብቃለች።

«በላት እንጂ ጋሼ» አለ ጭምቱ ቀስ ብሎ።

ላቡን ጠረገ። ግድግዳውን አየ፣ እጆቹን አየ።

«እስክሪብቶ የት አለ?» አለ በመጨረሻ።

«ጠረጴዛው ላይ» አለች እናቱ። «በማን ስም ልትጽፈው ነው?»